ባንዲራ የሆነው ቀሚስ

ላቪኒያ ፔቲስ ጭቃውን እያንቦጫረቀች ወደ ወንዙ ቁልቁል ትሮጣለች። በአንድ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ይዛለች። በትከሻዋ ላይ ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት የተጠቀለለ፣ በአሮጌ አንሶላ የተሸፈነ ነገር ተሸክማለች። ከኋላዋ በበቅሎ ጋሪ የተቀመጡት እትዬ ሃልዳ ኮል ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምሮ አፋቸው አላረፈም።

«ቀስ በይ እንጂ! በዚያ በኩል አታዘንብዪው፣ ቀለሙ አልደረቀም!»

«ከተቀባ እኮ ሦስት ቀኑ ነው እትዬ ሃልዳ። ደርቋል።»

«ጋሽ ፕሪመስ አልደረቀም ብሏል።»

«ጋሽ ፕሪመስ ንስር እስላለሁ ብሎ ዶሮ የሳለ ሰውዬ ነው።»

እትዬ ሃልዳ ይህን እንዳልሰሙ ሆነው በቅሎዋን በልጓም ጎተት አደረጓት። ዕቃው ጋሪው ላይ ለምን አልተጫነም የሚል ቢኖር፣ ጋሪውን ሦስት ትልልቅ ድስት ባቄላ፣ አንድ ቅርጫት የበቆሎ ዳቦና እትዬ ሃልዳ ራሳቸው ሞልተውታል። መርከቢቱ የምትነሳው ልክ በስድስት ሰዓት ነው። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል። ላቪኒያ ደግሞ ከባሏ ጋር በቅጡ ከተነጋገረች ስምንት ቀኗ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቤተ ክርስቲያኑ ስብሰባ ላይ ነበር። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ጦርነት ሦስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ የሰሜኑ መንግሥት ጥቁሮችንም በወታደርነት መመዝገብ በጀመረ በዓመቱ፣ ከማርሎ ወደብ ሰማንያ ወንዶች ስማቸውን አስጻፉ። ከተማዋ ያለችው በኦሃዮ ወንዝ ዳር ነው። ማዶ የሚታየው የትምባሆ እርሻ ኬንተኪ ነው፣ እዚያ ጥቁር ሰው ዛሬም እንደ ከብት ይሸጣል ይለወጣል። ከተመዘገቡት ሰማንያዎቹ ግማሾቹ ያንን ወንዝ በሌሊት ተሻግረው የመጡ ናቸው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፣ ባንዲራ እንሠራላቸዋለን ብለው የሴቶቹ ማኅበር ተነሱ። ሐር ግን ከየት ይምጣ? የጨርቅ ነጋዴው ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ሐር አይቼ አላውቅም አለ። መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ሐር ሲያሳዩት ደግሞ እሱ የተሸጠ ነው አለ።

ይኼኔ የላቪኒያ ባል አብሳሎም ከወንዶቹ መሀል ብድግ አለ። በርሜል ሠሪ ነው፣ ትከሻው ጠበብ፣ እጁ ሰፋ ያለ፣ በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው።

«ባለቤቴ ሐር አላት» አለ። «የሠርግ ቀሚሷ ነጭ ሐር ነው።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ሃልዳ ሃሌ ሉያ አሉ። ላቪኒያ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ፈገግ አለች። ከተጨበጨበ በኋላ ማን እምቢ ይላል?

ያን ቀሚስ እንዴት እንዳገኘችው የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ላቪኒያ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ በአንዲት ነጭ የልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥራ ትሰፋለች። የሰፋችው ሁሉ በሌላ ሴት ጀርባ ላይ ሆኖ በበሩ ይወጣል። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የመርከብ ነጂ ልጅ ለሠርጓ ያዘዘችው ሐር እጮኛዋ ጥሏት ሲጠፋ ሱቁ ውስጥ ቀረ። ላቪኒያ ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ በነጻ ሰፍታ ሐሩን ወሰደችው። በሕይወቷ ለራሷ የሰፋችው የመጀመሪያ ጥሩ ልብስ ያ ነበር። ቀሚሱ ሲዞር ሙሉ ክፍል የሚይዝ፣ ወገቡ በሃያ ስድስት እጥፋት የተሰበሰበ ነበር። አንድ ቀን ለበሰችው፣ ከዚያ ብል እንዳይበላው በትምባሆ ቅጠል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

እንዲሁ ሣጥን ውስጥ ልታስቀረውም አልነበረም። የሠርግ ቀሚስ ለትዝታ ብቻ የሚቀመጠው በሀብታም ቤት ነው። ላቪኒያ ዳንቴሉን ፈትታ፣ እጅጌውን አጥብባ፣ በለውዝ ልጣጭ ቡናማ ቀለም ነክራ የእሑድ ቀሚስ ልታደርገው ነበር። ልጣጩን ከመኸር ጀምሮ አብሳሎም በሠራው በርሜል ዘፍዝፋዋለች። በቁራጭ ጨርቅ ሞክራው ስለነበር ጣቶቿ እስካሁን ቡናማ ናቸው። ያን ለብሳ፣ እሱም ሰማያዊውን የወታደር ኮት ለብሶ፣ ከመሄዱ በፊት አብረው ፎቶግራፍ ሊነሱ ነበር። ይህን ግን በልቧ ይዛ ለባሏ አልነገረችውም፣ ልታስደንቀው ፈልጋ።

የዚያን ዕለት ማታ እቤት ሲገቡ በሩን እንኳን ሳይዘጉ ጀመሩ።

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

«ቪኒ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲተያይ ጊዜ…»

«ጠይቀኸኝ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«ሣጥን ውስጥ እኮ ነው ያለው። አትለብሺው።»

«አንተስ በርሜሎችህ መጋዘን ውስጥ አይደሉም? ሄጄ ለመንገደኛ ላድላቸው?»

«ሰማንያ ሰው ነው የሚሄደው። አምና ነጮቹ ሲሄዱ በሁለት ባንዲራና በሙዚቃ ነው የተሸኙት። እኛ እንደ እስረኛ ተሰልፈን እንሂድ?»

ያለው ሁሉ እውነት ነው። ይበልጥ ያንገበገባትም እሱ ነው። ሐሰት ቢሆን ትመልስለት ነበር። መቀሷን አንስታ ቀሚሱን ከሣጥኑ አወጣችና የወገቡን ስፌት ትተረትር ጀመር። እስኪነጋ አንድ ቃል አልተናገረችውም።

ሳምንቱም ከዚያ የባሰ ሆነ። ሰባት የማኅበሩ ሴቶች በየቀኑ እየመጡ ሰባት ዓይነት ሐሳብ አመጡ። አንዷ የተበጠሰ ሰንሰለት ይሳልበት አለች፣ ሌላዋ ሰንሰለት አላይም ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ ንስር ይሁን ተባለ፣ ከሥሩም «ለአገርና ለነጻነት» ይጻፍበት ተባለ። ሠዓሊው ጋሽ ፕሪመስ ዕድሜውን ሙሉ ለሥጋ ቤት አሳማ፣ ለፀጉር ቤት መቀስ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ንስሩን አንገቱን አርዝሞ፣ ሆዱን ነፍቶ ሳለው። እትዬ ሃልዳ ከቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ ላይ የወርቅ ዘርፍ ፈትተው አመጡና ዙሪያውን አሰፉበት። ከቀሚሱ የቀረው ደረቱና እጅጌው ብቻ ነው። ላቪኒያ እሱን መልሳ ሣጥን ውስጥ ጣለችው። ግማሽ ሙሽራ።

ወደቡ ላይ ሲደርሱ ሰማንያዎቹ ሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። የአንዱ ኮት እጅጌ እስከ ጥፍሩ ይደርሳል፣ የሌላው አንጓው ላይ ይቀራል። ጠመንጃ ገና አልተሰጣቸውም። ከፊታቸው ሁለት ከበሮና አንድ ዋሽንት ቆመዋል። ፈንጠር ብለው የከተማው ነጮች በርሜልና ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አዛዣቸው፣ ነጩ ሻምበል ዊትኮም፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጢሙ ገና አልሞላም፣ እጁ ላይ የስም ዝርዝር ይዟል።

እትዬ ሃልዳ ከጋሪው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ አራት ገጽ ንግግር ከደረታቸው አወጡ። ላቪኒያና ሌላ ሴት ባንዲራውን ዘረጉት። ነጩ ሐር በመጋቢት ነፋስ ወዝወዝ ሲል ከሰልፉ መሀል እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ወጣ። ላቪኒያ ሳትፈልግ አብሳሎምን አየችው። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፣ ቶሎ መሬት መሬት አየ።

እትዬ ሃልዳ ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጡ ሻምበሉ እጁን አነሳ።

«ይበቃል እናት። ጥሩ ተናግረሻል። ግን ይህን ልቀበል አልችልም።»

አንቺ አላቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸውን፣ ቄሱ እንኳን እርስዎ የሚሏቸውን ሴትዮ። ከሴቶቹ መሀል ጉርምርምታ ተሰማ። እትዬ ሃልዳ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ።

«ለምንድነው የማይቀበሉት ጌታዬ?»

«ሥርዓቱ አይፈቅድም። ባንዲራ የሚይዘው ክፍለ ጦሩ ነው፣ ካምፕ ስንደርስ ይሰጠዋል። አንድ ጭፍራ ለብቻው ባንዲራ አይዝም። እያንዳንዱ ከተማ የየራሱን ጨርቅ እያስያዘ ከላከ…»

«ጨርቅ አይደለም» አለች ላቪኒያ።

ሻምበሉ ዞሮ አያት። «ምንድነው ታዲያ?»

«የሠርግ ቀሚሴ ነው።»

ጆንያው ላይ ከተቀመጡት ነጮች አንዱ ሳቀ። የሻምበሉ ጆሮ ቀላ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ ይህ ነው ላቪኒያን የባሰ ያናደዳት። ክፉ ቢሆን ጥሩ ነበር።

«አዝናለሁ። በእውነት። ወደ ቤትሽ መልሰሽ ውሰጂው።»

«ወስጄ ምን ላድርገው? ልልበሰው? እሑድ እሑድ ጀርባዬ ላይ ዶሮ አዝዬ ቤተ ክርስቲያን ልሂድበት?»

አሁን ሰልፈኞቹም ሳቁ። ሻምበሉ ሰዓቱን አወጣ።

«መርከቧ ላይ ምንም ባንዲራ አይወጣም። ሠላሳ ደቂቃ አላችሁ፣ ተሰነባበቱ። ሃምሳ አለቃ ኮል፣ ሰልፉን በትን!» ብሎ ወደ መርከቢቱ ወጣ።

ሃምሳ አለቃው የእትዬ ሃልዳ የመጨረሻ ልጅ ኤልካና ነው። ከሁሉም በቁመት በራስ የሚበልጥ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ጎረምሳ። ዓይኑን ከእናቱ ሳያነሳ «ሰልፍ በትን!» አለ። እናቱ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው በንግግራቸው ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ።

አብሳሎም ወደ ሚስቱ መጣ። «ቪኒ…»

«አትናገረኝ።»

«ሠላሳ ደቂቃ ነው ያለን።»

«ሰምቻለሁ ስንት እንዳለን። ይልቅ ይህን ያዝልኝ።» ባንዲራውን ከሥር እንዲይዝላት አደረገች። በውስጧ የሚነደው ነገር መውጫ አጥቷል። ባሏ ላይ እንዳትጮህ ሊሄድባት ነው። ሻምበሉ ላይ እንዳትጮህ ሄዷል። እትዬ ሃልዳ ላይ እንዳትጮህ እያለቀሱ ነው። ዓይኗ የሚያርፍበት ሲያጣ ኤልካና ኮት ላይ አረፈ፣ እንደ ልማዷም ስፌቱን መመርመር ጀመረች። የረባ ስፌት አይደለም። ጨርቁ ኮስኳሳ ነው። ከውስጡ ደግሞ…

«ኤልካና፣ ና እስቲ ኮትህን ክፈተው።»

«ምን?»

«ክፈተው አልኩህ!»

ከፈተው። ባዶ ነው። ገበር የለውም።

«ሻምበሉ ባንዲራ አይወጣም ነው ያለው» አለች ላቪኒያ። «ስለ ገበር ያለው ነገር የለም።»

መጀመሪያ የገባው ለአብሳሎም ነው። ወዲያው የራሱን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። እሷም ያሰበችው እሱን ነበር። ሌላ ማንን ታስባለች? በሄደበት ሁሉ ቀሚሷ ጀርባው ላይ ይሆን ነበር። ባንዲራውን ጀርባው ላይ ዘርግታ በዓይኗ ለካችው። ትከሻው ጠባብ ነው። ንስሩ መሀል ላይ መታጠፍ ሊኖርበት ነው፣ የታጠፈ ቀለም ደግሞ ይሰነጠቃል። እትዬ ሃልዳ ከጆንያው ብድግ አሉ።

«የጭፍራው ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ሃምሳ አለቃው ይያዘው!»

«ልክ ናቸው» አሉ ወንዶቹ። አብሳሎም ቁልፎቹን መልሶ ቆለፈ።

«እትዬ ሃልዳ፣ ይህን ልጅ ለምን እንዲህ በርሜል አድርገው አሳደጉት?» አለች ላቪኒያ ጥርሷን ነክሳ። «በል ኤልካና፣ አውልቀው። ቶሎ በል!»

ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ዘርግተው በጋሪው ዙሪያ እንደ አጥር ቆሙ። ላቪኒያ ከወገቧ መቀሷን ፈታች፣ የወርቁን ዘርፍ ዙሪያውን ቆርጣ ለእትዬ ሃልዳ ወረወረችላቸው። ባንዲራውን ራሱን ግን አልቆረጠችውም። ንስሩን ጀርባው ላይ ዘርግታ ቀሪውን ወደ ውስጥ አጣጠፈችና በረዣዥም ስፌት ላላ አድርጋ ትሰፋው ጀመር። አብሳሎም ጉልበቱ ላይ መርፌዎች ደርድሮ ክር ያስገባላታል።

«ክር።»

«ቆይ።»

«ክር አልኩህ አብሳሎም!»

«ይሄ መርፌ ቀዳዳ የለውም!»

«አለው። ምላስህ ላይ አርጥበው። አይ አምላኬ፣ ክሩን ነው እንጂ መርፌውን አይደለም!»

የበርሜል ሠሪ ጣት ለመርፌ አልተፈጠረም። ሁለቴ ተወጋ፣ ሁለቴ ጠባው። ከጋሪው ማዶ ሌሎቹ ሚስቶች ባሎቻቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ ባቄላ ያጎርሷቸዋል። ላቪኒያ የሌላ ሰው ኮት ላይ አቀርቅራ ደቂቃዋ ሲያልቅ ይሰማታል።

«ፎቶግራፉን ሳንነሳ ቀረን» አለ አብሳሎም።

«ተወው።»

«ምን ልትለብሺ ነበር?»

«እሱን። ቡናማ ላደርገው ነበር።»

አብሳሎም ቀና አለ። ጣቶቿን አየ፣ ቡናማ የሆኑትን። «እኔ ሣጥኑን ልትቀቢበት መስሎኝ… አልነገርሽኝም እኮ።»

«አልጠየቅኸኝም እኮ።»

«ቪኒ፣ ያን ቀን ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ የሚሰጠውን ይናገራል። አንዱ በግ፣ አንዱ ቡትስ ጫማ። እኔ ቤታችንን በሐሳቤ ዞርኩት። የማያሳፍር ነገር ባየሁ ቁጥር አንቺ የሠራሽው ነው። የኔ ምንም አልነበረም።» ክሩን ዓይኑ አጠገብ አድርሶ እንደገና ሞከረ። «በሰው ዕቃ ነው የኮራሁት። ገብቶኛል።»

ላቪኒያ መርፌዋን አቆመች። ልትመልስለት ቀና አለች። በዚህ ቅጽበት መርከቢቱ ደወለች።

«ክር» አለች።

ስፌቱ ጠማማ ሆኖ አለቀ። ሱቁ ውስጥ ቢሆን አሠሪዋ በጥፊ ትላት ነበር። ኮቱን ለኤልካና አልብሳ ብብቱ ሥር ያለውን ቋጠሮ በጣቱ አስነካችው።

«ሁሉም አንድ ክር ነው። ይህን በጥሰህ ስትስበው በአንዴ ይለቃል። ሻምበሉ የፈቀደ ቀን፣ ወይ ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበት ቀን ትስበዋለህ። ከዚያ በፊት እንዳትነካው። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ እህት ላቪኒያ።»

«ማልልኝ።»

«በእናቴ።»

ከበሮው ተመታ። ሰዎቹ ወደ መሰላሉ መግፋት ጀመሩ። አብሳሎም እጇን ያዘ፣ የመርፌ ጣት ቆቧ ገና አልወለቀም። ስምንት ቀን ያጠራቀመችው ንዴትና ሌላው ሁሉ ተቀላቅሎ አፏ ላይ ተደረደረ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኮትህን ቆልፍ፣ ነፋስ ነው» አለችው።

«እሺ» አለና ሄደ።

መርከቢቱ ውሃውን የሚቀዝፈውን ትልቅ ጎማዋን እያሽከረከረች ከዳር ተላቀቀች። ሻምበሉ በላይኛው ወለል ወዳለው ክፍሉ ገብቷል። ላቪኒያ አንገቷን አስግጋ በታችኛው ወለል ከተደረደሩት ኮፍያዎች መሀል ባሏን ትፈልጋለች። አብሳሎምን ከማግኘቷ በፊት ያገኘችው ኤልካናን ነው። ጫፉ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ሆኖ ይታያል። እጁ ብብቱ ሥር ነው።

«አይ» አለች ላቪኒያ። «አይ፣ አይ፣ አታደርገውም!»

አደረገው። ወንዙ መሀል እንኳን ሳይደርስ ክሩን ሳበው። ሐሩ ከኮቱ ሥር ፈሶ ወጣ። ሁለት ወታደሮች ጫፍና ጫፉን ይዘው ከመርከቢቱ አጥር ውጭ ለቀቁት፣ ነፋሱም አነሳው። ከዚያ ርቀት ንስርም ዶሮም አይታይም፣ ነጭነቱ ብቻ ነው የሚታየው። ሰማንያ ሰው አንድ ላይ ጮኸ። ከማዶ፣ በኬንተኪው እርሻ ለትምባሆ ችግኝ መደብ ለማዘጋጀት ቁጥቋጦ ሲያቃጥሉ የነበሩ ሦስት ጥቁር ሰዎች ከጭሱ ውስጥ ቀና አሉ። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ። ሻምበል ዊትኮም ከክፍሉ ወጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቁልቁል አየ፣ ብዙ አየ፣ ከዚያ ተመልሶ ገባ።

ወደቡ በእልልታና በለቅሶ ተደበላለቀ። እትዬ ሃልዳ ላቪኒያን አንገቷን አንቀው ሳሟት።

«አየሽው? ልጄን አየሽው?»

«ሠላሳ ደቂቃ!» አለች ላቪኒያ። «ሠላሳ ደቂቃዬን! አንድ ደቂቃ መታገሥ አቅቶት!» ከእቅፋቸው ወጥታ በወንዙ ዳር ዳር ሮጠች፣ ጭቃው አንድ ጫማዋን ዋጠው፣ ትታው ሮጠች።

አብሳሎም መጨረሻው ጥግ ላይ ነበር። ሁሉም ወደ ባንዲራው ሲያይ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዳር ያያል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ገና ይቅር አላልኩህም!» ብላ ጮኸች። «ሰማኸኝ? መጥተህ ነው የምትለምነኝ! እዚሁ መጥተህ!»

የመርከቢቱ ፊሽካ ነፋ። አብሳሎም መዳፉን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«ምን አልሽ?»

«መጥተህ ትለምነኛለህ ነው የምልህ!»

ፊሽካው ደገመ። እሱም አንገቱን ነቀነቀ፣ አልሰማሁም ብሎ። እሷም እንደገና ጮኸች፣ መርከቢቱ በወንዙ መታጠፊያ እስክትሰወር፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ። ከኋላዋ ቆመው የነበሩት ሰዎች እሷም እንደ እነሱ ለባንዲራው የምትጮህ መስሏቸው አብረው ጮኹ።